ያሬድ በእጁ የተናገረበት ዓመት

ባለፈው ወር ከእንፍራንዝ ወደ ጎንደር ስመጣ፣ ሚኒባሱ ውስጥ ከፊቴ የተቀመጠች ሴት ለልጇ ብርቱካን ላጠችለት። ልጣጩ ገና ሲቀደድ ሽታው ማኪናውን ሞላው። ልጁ አንዷን ቁራጭ ዋጥ አደረገና “ድገሚኝ” አላት። እንዲሁ በአፉ፣ ሳይቸገር። እናቱም ዞር ብላ እንኳ ሳታየው ሌላ ቁራጭ ሰጠችው። እኔ እስከ አዘዞ ድረስ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ መጣሁ።

የብርቱካን ሽታ የሚወስደኝ ወደ አንድ ዓመት ብቻ ነው፤ እኔና መንታ ወንድሜ ያሬድ ሰባት ዓመት ወደሞላን ዓመት።

ያለ ጊዜያችን ነው የተወለድን። እናቴ እንደምትለው በጥጥ ተጠቅልለን አደግን። ሰባት ዓመት ሲሞላን ሁለታችንም አንናገርም ነበር። ጆሯችን ይሰማል፣ የተባልነው ይገባናል፣ አፋችን ግን “እም” እና “ኣ” ከማለት አያልፍም። አባታችን መሪጌታ ነው፤ በሰፈራችን ቤተ ክርስቲያን ዜማ ያስተምራል። ወንድ ልጁን ያሬድ ብሎ የሰየመው ዜማውን ይወርስልኛል ብሎ ነው። ድምፁ ትልቅ ነበር። ማለዳ ቅኝቱን ሲያሟሽ የጣራው ቆርቆሮ አብሮት የሚያዜም ይመስላል። እኔ የቤቱን ድምፅ ሁሉ እሱ ጠቅልሎ የወሰደው፣ ለእኛ የሚተርፍ የጠፋ ይመስለኝ ነበር። ማታ ማታ ያሬድን ጭኑ ላይ ያስቀምጥና የልጁን መዳፍ ጉሮሮው ላይ አስደግፎ ቀስ ብሎ ያንጎራጉርለታል። ያሬድ ዓይኑን ጨፍኖ በመዳፉ ያዳምጣል። አንድ ቀን በዚያች መዳፍ በኩል ድምፁን ይመልስልናል ብዬ እጠብቅ ነበር።

ጠበል የወሰዱን ጊዜ አንድ አባት “የእነዚህ ልጆች ምላስ ታስሯል” ሲሉ ሰማሁ። ቤት እንደገባን የእናቴን መስታወት አውርጄ፣ አፌን ከፍቼ ገመዱን ፈለግሁ። በራሴ አላገኘሁትም። ያሬድን አፉን አስከፍቼ ሳይ ግን ከምላሱ ሥር አንዲት ቀጭን ጅማት አገኘሁ። በጥፍሬ ልፈታት ስሞክር ጮኸ። እናቴ ሮጣ መጥታ ያሬድ እየደማ፣ እኔ መስታወት ይዤ አገኘችን። ምን እያደረግሁ እንደነበር ልነግራት አልቻልሁም። በጥፊ መታችኝ፣ ከዚያ ሁለታችንንም አቅፋ አለቀሰች።

በመስከረም፣ የጤና ጣቢያ ነርስ መክራት፣ እናቴ አንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት ወሰደችን። ከግቢው ጀርባ፣ ከዕቃ ግምጃ ቤቱ አጠገብ የልዩ ፍላጎት ክፍል ነበር። መምህሯ ቲቸር ሰናይት ትባላለች። ቀጭን ናት፣ ጸጉሯን በሻሽ ትጠቀልላለች፣ ስትስቅ አፏን በእጇ አትሸፍንም። የመጣን ዕለት ስማችንን አልጠየቀችም። ወለሉ ላይ ቁጢጥ ብላ ዝም ብላ ታየን ጀመር።

እኔና ያሬድ የራሳችን ነገር ነበረን። እሱ ጆሮውን ጎተት ሲያደርግ እኔን መጥራቱ ነው፤ ተበስቼ ክር የገባልኝ እኔ ነኝና። እኔ ጉንጬን ስነፋ እሱን መጥራቴ ነው። ሌሎችም ነበሩን፤ ትልቅ ሰው አይቷቸው አያውቅም። ያን ዕለት ያሬድ የክፍሉ ጩኸት አስፈርቶት ጆሮውን ጎተተ። ቲቸር ሰናይት አየችው። ቀጥላ ወደ እኔ ተመለከተችና የራሷን ጆሮ ጎተት አድርጋ “ማርታ” አለች። ስሜን ከእናቴ ሰምታው ነበር። ግን በእኛ አጠራር የጠራኝ የመጀመሪያው ትልቅ ሰው እሷ ናት። ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ ወደ ክፍሉ ስንሄድ የሚጎትተን አላስፈለገም።

ቲቸር ሰናይት ስታወራን አፏም እጇም አብረው ነበር የሚናገሩ። ሁሉንም ቃል በእጇ አትልም፤ ዋናዋን ቃል ብቻ ነው። “ልጆች፣ አሁን ውሃ እንጠጣ” ስትል “ውሃ” ላይ አውራ ጣቷ ከንፈሯን ይነካል። “በቃ” ስትል ሁለት መዳፎቿ ወደ ውጭ ይበተናሉ። “አመመኝ” ስትል ሁለት ጠቋሚ ጣቶቿ ይጋጫሉ። ለ“አባባ” ጺም ሳብ ማድረግን እኛው ሰጠናት። ብርቱካን ይዛ ትመጣና ፊታችን ትልጠዋለች። አንዳንድ ቁራጭ ትሰጠንና ትጠብቃለች። ያሬድ ይጮሃል፣ እጇን ይጎትታል፣ መሬት ይረግጣል። እሷ በቡጢዋ መዳፏን መታ መታ እያደረገች “ድገሚኝ... ድገሚኝ” ትላለች። አንድ ቀን ያሬድ ጩኸቱን አቋረጠ። ቡጢውን ጨበጠ፣ መዳፉን መታ፣ ቀና ብሎ አያት። ቁራጩን ስትሰጠው ግን ወዲያው አልበላውም። መጀመሪያ እጁን አገላብጦ አየው፤ እጁ ያን ማድረጉን ያላመነ ይመስል ነበር።

ከዚያ በኋላ ያሬድን የሚያቆመው ጠፋ። ከእኔ ይፈጥናል። ሁለት ሦስት ምልክት አያይዞ ያወራል። አባባ ማልዶ ሲያዜም ጺሙን ሳብ፣ እጁን ዘርጋ፣ ጆሮውን ደፈን ያደርግና “አባባ ትልቅ ጩኸት” ይለኛል፤ ብርድ ልብስ ውስጥ ሆነን እንንከተከታለን። ከቲቸር ቦርሳ ብርቱካን ወስዶ፣ ጣቱ እየተጣበቀ፣ ጭማቂው አገጩ ላይ እየወረደ፣ “አልበላሁም” አላት። በሕይወቱ የዋሻት የመጀመሪያዋ ውሸት ናት። ቲቸር ሰናይት ከመቆጣት ይልቅ እስክታለቅስ ሳቀች። ለእናቴም ነገረቻት፤ እናቴ ደግሞ ልጄ ዋሸ ብላ ጎረቤት ሁሉ እየዞረች አወራች።

እናቴ ምልክቱን የተማረችው ከእኛ ነው፣ ሽንኩርት እየከተፈች። አንድ ቀን ያሬድ ሁለት ጣቶቹን አጋጭቶ ጥርሱን አሳያት። ጤና ጣቢያ ስትወስደው መንጋጋው ከሥሩ መግል ቋጥሮ ተገኘ። ከዚያ በፊት ባሉት ዓመታት ያሬድ ያለምንም ምክንያት ሲያለቅስ የሚያድርባቸው ጊዜያት ነበሩ፤ ጠበል ይረጩታል፣ ይቆጡታል፣ ያባብሉታል። የዚያን ዕለት እናቴ ከጤና ጣቢያ ስትመለስ መንገድ ላይ ቆማ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። “ስንት ጊዜ አሞህ ነበር፣ ያሬዴ?” አለችው። እሱ ጥያቄው አልገባውም። አፉ ውስጥ ጥጥ እንደያዘ “ድገሚኝ” አላት፤ ነርሷ ከረሜላ ሰጥታው ስለነበር።

በዓል ሲሆን አባባ ቤተ ክርስቲያን ይዞን ይሄዳል። ካህናቱ መቋሚያቸውን ከፍ ዝቅ እያደረጉ ሲዘምሙ እኔ በእጃቸው የሚያወሩ ይመስለኝ ነበር። ወዲህ ሲሉ “ና”፣ ወዲያ ሲሉ “ሂድ”፣ ጸናጽሉ ሲወርድ “በቃ”። ያሬድም እንዲሁ መስሎት ሳይሆን አይቀርም፤ ከመካከላቸው ገብቶ በቡጢው መዳፉን እየመታ “ድገሙኝ” አላቸው። ሰው ሳቀ። አባባ አልሳቀም። መጥቶ የያሬድን እጆች በጋቢው ውስጥ ሸሸጋቸው። ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ አንድ ሽማግሌ “መሪጌታ፣ ምነው ልጁን ድዳ አድርገህ ታሳድገዋለህ? እጁ ከለመደ ምላሱ ይሰንፋል” ሲሉት ሰማሁ። እኔ ይህን ከሰማሁ በኋላ እጄ ምላሴን ቀስ በቀስ የሚበላት መስሎኝ፣ ለጥቂት ቀናት እጄን ከቂጤ ሥር አድርጌ ነበር የምቀመጥ።

አፌ የተፈታው ፋሲካ አልፎ፣ ሙቀቱ በበረታበት ሰሞን ነው። አውራ ጣቴን ወደ ከንፈሬ ሳደርስ፣ ቲቸር እንደምታደርገው ሁሉ፣ ሳላስበው “ውሃ” አልሁ። እናቴ ከእጇ የያዘችውን ለቀቀች። ጎረቤት እልል አለ። በሳምንታት ውስጥ “እማ”፣ “ያሬድ”፣ “እምቢ”፣ “ብርቱካን” ተከታተሉ። አንድን ቃል አፌ ሲይዘው እጄ በራሱ ይተወዋል፤ ማንም ተዪ አላለኝም።

ሁሉም ሰው ያሬድን መጠበቅ ጀመረ። የእሱ አልመጣም። እጁ ግን ከቀን ቀን ይበረታል። ሰፈሩ የራሱን ፍርድ ሰጠ፤ ማርታ እጇን ትታ ተናገረች፣ ያሬድ እጁን ይዞ ቀረ ተባለ። አባባ ትምህርት ቤት ድረስ ሄደ። እኔም አብሬው ነበርሁ፤ ቲቸር ሰናይት ወንበር አመጣችለት፣ እሱ ግን አልተቀመጠም።

“እጁን እናስቁመው” አላት።

“የኔታ፣ እጁ አፉን አልከለከለውም። የእሷም የመጣው ከእጇ ጋር ነው።”

“የእሷ መጣ። የእሱስ መቼ ነው?”

ሌላ ሰው ቢሆን በእግዜር ፈቃድ በቅርቡ ይል ነበር።

“አላውቅም፣ የኔታ” አለች። “ላይመጣም ይችላል። ቢመጣም ባይመጣም ግን ዛሬ የሚናገርበት ያስፈልገዋል።”

አባባ ከዚህ ሁሉ የሰማው “ላይመጣም ይችላል” የምትለዋን ብቻ ነው። ፊቱ ሲለወጥ አየሁ። ተጎንብሶ እጄን ያዘና ወጣን። ከዚያ በኋላ ያሬድ ትምህርት ቤት አልሄደም።

በቤታችን እጅ ተከለከለ። ያሬድ ውሃ ሲጠይቅ አባባ ኩባያውን ሞልቶ ደረቱ ላይ ይይዝና “ውሃ በል፣ የኔ ጌታ። ው-ሃ” ይለዋል። ቁጣ አልነበረበትም፤ ይለምነው ነበር። ያሬድ አውራ ጣቱን ከንፈሩ ላይ ያደርጋል። አባባ ጣቱን ያወርድለታል። ያሬድ አባቱ ያላየው መስሎት ምልክቱን አስፍቶ፣ ሁለት እጁን አድርጎ ይደግመዋል። አባባ እንደገና ያወርድለታል። እናቴ ከበሩ ቆማ “ምነው መሪጌታ፣ ልጁ ጠምቶታል” ትላለች። “ካልጠማው አይናገርም” ይላታል።

አንድ ቀን ከሰዓት ይህ ነገር ሲረዝም ታገሥሁ፣ ታገሥሁና ተነሣሁ። እስከዚያ ድረስ ከሁለት ቃል በላይ አያይዤ አላውቅም ነበር።

“አባባ፣ ያሬድ በእጁ ነው የሚያወራ። ተወው። ውሃ ስጠው” አልሁ።

አባባ ኩባያውን አስቀመጠ። ዓይኑ እንባ ሞላ። ያሬድን አልፎ መጥቶ አነሣኝ፣ ግንባሬን፣ ጉንጬን፣ እጄን ሳመኝ። “ሰማሻት?” አላት እናቴን። “እንዴት አድርጋ እንዳያያዘችው ሰማሻት?” ደጅ ትምህርታቸውን የሚቀጽሉትን ተማሪዎቹን ጠራቸው። “በይ ድገሚላቸው፣ ልጄ።”

“ያሬድ በእጁ ነው የሚያወራ። ተወው። ውሃ ስጠው።”

ተማሪዎቹ አጨበጨቡ። ገብቷቸው ውሃውን የሚሰጡት መስሎኝ ጮክ ብዬ ደገምሁት። አባባ እየሳቀ፣ እያለቀሰ አቀፈኝ። ኩባያው ከመሬት ነበር፣ ያሬድም አጠገቡ። እናቴ ናት ሰው ወደ እኔ ሲዞር ቀስ ብላ ያጠጣችው።

ከዚያ በኋላ እንግዳ በመጣ ቁጥር “ያችን ነገር በይላቸው” እባላለሁ። እኔም እላለሁ። ስለው ስለው ትርጉሙ ከቃሉ እየወጣ ሄደ፤ ተማሪዎቹ ሳይገባቸው እንደሚያነበንቡት ግእዝ ሆነብኝ። በመጨረሻ እምቢ ስል አባባ “አፈረች” አለ።

ያሬድ ያኔ መናከስ ጀምሮ ነበር። ኩባያ ይወረውራል፣ ራሱን ከግድግዳ ያጋጫል። ክረምቱ ሲገባ የእናቴ አባት አያ ታከለ ከመካነ ብርሃን ሊጠይቁን መጡ። ትልቅ ገበሬ፣ ዝግ ብለው የሚናገሩ፣ መዳፋቸው እንደ ሰፌድ የሰፋ ሰው ናቸው። ያሬድ ሲያያቸው እቅፋቸው ውስጥ ገብቶ ተኛ። “ለእኔ ስጡኝ” አሉ። “አየሩ ሸጋ ነው፤ ጠበሉም ቅርብ ነው። የከተማ ጩኸት ነው ልጁን ያወከው።” እናቴ ብዙ ተከራከረች። አባባ ደክሞት ነበር፤ ይሂድ አለ።

አውቶቡስ ተራ ሄደን ሸኘናቸው። ዝናብ ያካፋል። ያሬድ ከመስኮቱ ውስጥ ሆኖ እኔን እያየ መዳፉን ወደ ደረቱ ሳብ፣ ሳብ ያደርጋል።

“አየሽው፣ ቻው ሲልሽ” አለኝ አባባ።

“ቻው አይደለም። ነይ ነው የሚለኝ።”

“ጎሽ የኔ ልጅ” አለና ራሴን ዳበሰኝ።

በአያ ታከለ አገር ስልክ የሚሠራው ከአንድ ጉብታ ላይ ነው። እሁድ እሁድ ያሬድን ይዘው ይወጡና ይደውላሉ። አባባ “አለህ ወይ፣ ያሬድ? እህትህ ናት፣ አናግራት” ይልና ስልኩን ጆሮዬ ላይ ያደርግልኛል። ንፋስ ይሰማኛል፤ ከንፋሱ ሥር የያሬድ ትንፋሽ ይሰማኛል። “ያሬድ” እላለሁ። ትንፋሹ ፈጠን ይላል። አንድ ጊዜ አያ ታከለ ከወዲያ ማዶ “እጅህን ተው እንጂ፣ አባቴ፤ በአፍህ በላት” ሲሉት ሰማሁ። ለካ እዚያ ጉብታ ላይ፣ በዚያ ንፋስ ውስጥ፣ ለስልኩ በእጁ እያወራለት ነው። ምን እያለ እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። እኔም ስልኩን በትከሻዬ ይዤ በእጄ መለስሁለት። እናቴ አየችኝና ወደ ጓዳ ገባች።

ክረምቱ ሊያልቅ ሲል እሁዶቹ ጸጥ አሉ። ይደውላሉ፣ ትንፋሹም አለ፤ “እጅህን ተው” የሚለው የአያ ታከለ ድምፅ ግን ቀረ። አባባ “ኔትወርኩ ተሻሻለ፣ ጥርት ብሎ ይሰማል” አለ።

ነሐሴ ውስጥ ቲቸር ሰናይት ጃንጥላ ይዛ ቤታችን መጣች። እናቴ ቆሎ አቀረበችላት። ወደ ሌላ ወረዳ መዛወሯን፣ ክፍሉም የሚተካት እስኪገኝ እንደሚዘጋ ነገረችን። “ያሬድስ?” አለች። አባባ አገር ቤት መሄዱን፣ በጣም ደኅና መሆኑን በትሕትና ነገራት። እሷ ቆሎውን በመዳፏ ይዛ ሳትበላው ቆየች። ስትነሣ “የኔታ፣ ሲመጣ ውሃ ሲጠይቅዎት ይስጡት” አለችው። አባባ “እግዜር ያክብርሽ” ብሎ እስከ በር ሸኛት። እኔ ጃንጥላዋ በጭቃው መንገድ መታጠፊያ ላይ እስኪሰወር አየኋት።

ለመስቀል አያ ታከለ ያሬድን ይዘውት መጡ። ወፍሯል፤ ጉንጩ በብርድ ተሰነጣጥቆ ቀልቷል፤ የሱፍ ቆብ አድርጓል። አልጮኸም፣ አልተናከሰም። የተሰጠውን በላ፣ ባስቀመጡት ተቀመጠ። ጎረቤት ሁሉ እየመጣ “ሰከነ፣ ተመስገን” አለ።

“ተናገረ?” አለ አባባ።

“ገና ነው” አሉ አያ ታከለ። “እጁን ግን ትቷል። አልመታሁትም፤ አንድ ቀን እንኳ አልተቆጣሁትም። ሲያነሣው በእጄ እይዝለታለሁ፣ ዝም ብዬ እይዝለታለሁ። እጁን በእጄ ይዤ ነው የከረምሁ።” ይህን ሲሉ ድምፃቸው ውስጥ ፍቅር ነበር። አባባ ተነሥቶ ጉልበታቸውን ሳመ።

እነሱ ጠላ ሲጠጡ ያሬድን ወደ ጓሮ ይዤው ወጣሁ። በርሜሉ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀመጥን። ክረምቱን ሙሉ ያጠራቀምሁት ወሬ ነበረኝ። ከቀላሉ ጀመርሁ። “ጠማህ?” አልሁት፣ አፌም እጄም አንድ ላይ። እጄን አየው። ፊቱ ላይ ምንም አልነበረም፤ የሚያልፍ ዝንብ ያየ ያህል ነው። ቲቸር ሰናይት እንደምታደርገው አስፍቼ ደገምሁት። “ያሬድ፣ በለኝ። በእጅህ በለኝ። ማንም አያየንም” አልሁት።

ያሬድ ሁለቱንም እጆቼን ያዛቸው። አልተቆጣም። ቀስ አድርጎ ወደ ታች አወረዳቸውና ጭኔ ላይ አስቀመጣቸው። የራሱን ደግሞ ከላይ ጫነባቸው። ላነሣቸው ስል ጫን አደረገ፣ በጣም በቀስታ፣ ሕፃን እንደሚያስተኛ ሰው። መዳፎቹ ሻክረዋል፤ ይሞቃሉ። ከቤት ውስጥ የአባባ ሳቅ ይሰማል።

እንዲህ እንዳለን እናቴ በጓሮ በር ብቅ አለች። እጅ ለእጅ ተያይዘን ስታየን ቆመች፣ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች።

“ተመስገን” አለች። “እህቱን አልረሳትም።”

ያን ጊዜ የፈለግሁትን ሁሉ በአፌ መናገር እችል ነበር። ምንም አላልኋትም።